ጎዶሎ ወደ ቀኝ፣ ሙሉ ወደ ግራ

ዋና ሐኪሙ ወረቀቱን የለጠፉት ሰኞ ጠዋት ነው፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ማንም ሰው ክፉ ነገር ለማንበብ አቅም የለውም። በጨቅላ ሕፃናት ክፍል መግቢያ፣ ከእጅ መታጠቢያው በላይ፣ አራቱም ጫፉ በፕላስተር ተይዞ ተሰቅሏል። አንድ ገጽ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከሁለት ኪሎ በታች ሆነው የገቡ ሕፃናት፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት። መተንፈሻ መሣሪያ የተደረገላቸው መቶ ሰባ ዘጠኝ፤ ከነሱ ስድሳ አንዱ ሞተዋል። ያልተደረገላቸው ሁለት መቶ ሠላሳ ሦስት፤ ከነሱ አርባ ሰባቱ ሞተዋል። ከሥሩ በደማቅ ቀለም እንዲህ ይላል፦ «መሣሪያው ላይ ከሚውሉ ሦስት ሕፃናት አንዱ ይሞታል፤ ያለ መሣሪያው ከአምስት አንዱ ነው። ሐሙስ በአራት ሰዓት ኮሚቴው ተሰብስቦ መሣሪያዎቹ ከአገልግሎት ስለሚወጡበት ሁኔታ ይወስናል።»

ወረቀቱ የማንንም ስም አይጠራም። መጥራትም አያስፈልገውም፤ መሣሪያዎቹን ያስመጣቻቸው ማን እንደሆነች የማያውቅ ሰው ሆስፒታሉ ውስጥ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ እየጻፈች፣ በየቢሮው ደጅ እየጠናች፣ «ደግሞ መጣች» እየተባለች ያስመጣቻቸው የሕፃናት ክፍሏ ዋና ነርስ ናት። ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። አንዲት ሰው ብቻ «እትዬ» ትላታለች፤ ፎቅ ላይ ከመረጃ ክፍል የምትሠራው ታናሽ እህቷ።

ይህችን ታናሽ እህት ሰዉ «ቆጣሪዋ» እያለ ነው የሚጠራት። ደረጃ ስትወጣ ትቆጥራለች፤ ሰልፍ ላይ ስትቆም ከፊቷ ያለውን ትቆጥራለች። ሥራዋም እንጀራዋም ቁጥር ነው፤ ሐኪሞች «ይህ መድኃኒት ይሠራል ወይ?» ሲሉ መልሱን ከካርድና ከመዝገብ አውጥታ የምታቀርበው እሷ ናት። የሰኞውን ሰንጠረዥ ግን ማንም አላሳያትም። ዋና ሐኪሙ ራሳቸው ደምረው፣ ራሳቸው አካፍለው ለጠፉት። ድምሩም ማካፈሉም ትክክል ነው፤ የሚያበሽቀውም ይኸው ነው።

እህቷን ያገኘቻት አንሶላ ክፍል ውስጥ ነው። በሩን ገርበብ አድርጋ፣ በተከመረ አንሶላ ላይ ተቀምጣ፣ አንዲት መሃረብ የምታህል ጨርቅ ታጥፋለች፤ ትፈታለች፤ መልሳ ታጥፋለች።

«ስድሳ አንድ» አለች ቀና ሳትል። «የብዙዎቹን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ያሰርኩት በዚህ እጄ ነው። አንቺ ቁጥር ታውቂያለሽ። ንገሪኝ እስቲ፤ እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

እዚህ ላይ ሌላ እህት ብትሆን «ኧረ እትዬ፣ ምን ነካሽ» ብላ አቅፋ ታባብላለች። ቆጣሪዋ ግን ማባበል አልተፈጠረላትም። ደግሞም ይህች ሴት እናታቸው ከሞተች በኋላ ፀጉሯን እያበጠረች፣ ደብተሯን እያየች፣ ውሸት ስትናገር ጆሮዋን እየቆነጠጠች ያሳደገቻት ናት። ልትዋሻት አልቻለችም።

«አላውቅም» አለች። «እስከ ሐሙስ ግን አውቃለሁ።»

«ያገኘሽውን ትነግሪኛለሽ? ክፉም ቢሆን?»

«ክፉም ቢሆን።»

እህቷ ጨርቁን ለመጨረሻ ጊዜ አጥፋ ከክምሩ ላይ አስቀመጠችና ወደ ሥራዋ ሄደች። ቆጣሪዋ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ወጣች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ሳትቆጥር ወጣች።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘራ የያዘ ሰው ካልያዘው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይወድቃል። ከዘራው ነው የሚጥለው? አይደለም፤ ከዘራ የሚይዘው ጉልበቱ የከዳው ሰው ስለሆነ ነው። መሣሪያውም የሚታሰረው ትንፋሹ ለከዳው ሕፃን ነው። ስለዚህ መሣሪያ ላይ ያሉት በሞት ቢበልጡ ማንን ይገርማል? ይህን ቆጣሪዋም ታውቃለች፣ ዋና ሐኪሙም አይጠፋቸውም። «ክብደታቸውን አስተካክዬ አይቼዋለሁ፤ ያው ነው» ብለዋል። ክብደት ግን ትንፋሽ አይደለም። ሁለቱም አንድ ኪሎ ከአራት መቶ የሆኑ ሕፃናት አንዱ እያለቀሰ፣ አንዱ እያቃሰተ ይገባሉ፤ ማቃሰቱን ደግሞ ካርዱ ላይ የሚጽፍ የለም። ነርሷ በዓይኗ ታየዋለች፣ ቱቦውን ታስራለች፣ አለቀ። ያልተጻፈ ነገር በምን ይስተካከላል?

ሰኞ ቀኑን ሙሉ ከቁጥር ጋር ስትታገል ዋለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሕፃኑን ፊት ሳያይ፣ ትንፋሹን ሳይሰማ፣ አንዱን ወደ መሣሪያው ሌላውን ከመሣሪያው ርቆ እንዲውል ያደረገ ነገር። ዕጣ የመሰለ ነገር። በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ማን ዕጣ ሲያወጣ ይውላል? ተስፋ ቆርጣ ልትተወው ምንም አልቀራትም።

ማክሰኞ ጠዋት የጎደሉ ካርዶች ፍለጋ ምድር ቤት ወረደች። ካርድ ክፍሉ የጋሼ ካርድ ግዛት ነው። ጋሼ ካርድ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚውል፣ ከሰው ይልቅ ከመደርደሪያ ጋር ማውራት የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ቆጣሪዋ ካርዶቿን አይታ መልሳ ልትሰካ ስትል ከኋላዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እዚያ አይደለም እሱ። ጎዶሎውን ከጎዶሎ ጋር።»

«ምን ለውጥ አለው ጋሼ?»

«ለአንቺ ላይኖረው ይችላል። ለኔ ይኼኛው መደርደሪያ የቀኝ ክፍል ነው፤ ያኛው የግራ ክፍል።»

ቆጣሪዋ ካርዱን እንደያዘች ቀረች። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ትይዩ የሆኑ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ቀኝና ግራ። ይህን ሁሉም ያውቃል። ማን የት እንደሚገባ ግን እንዴት እንደሚወሰን አስባው አታውቅም፤ አልጋ በተገኘበት ይመስላት ነበር።

«ድሮ የቀኞቹ ነርሶች መጥተው ከባድ ከባዱን ለኛ ትልካለህ ይሉኛል» አሉ ጋሼ ካርድ። «እነሱ ሳይወጡ የግራዎቹ ይመጣሉ። በቀን ሦስቴ በዚህች መስኮት ሙልጭ አድርገው ይሰድቡኝ ነበር። አንድ ቀን ተነሣሁና፣ ከእንግዲህ ጎዶሎ ቁጥር የደረሰው ወደ ቀኝ፣ ሙሉ ቁጥር የደረሰው ወደ ግራ፤ ቅር ያለው ከቁጥሩ ጋር ይጣላ አልኩ። ይኸው ሰላም ወረደ።»

«ሕፃኑን ሳያዩ?»

«እኔ ሕፃን ምን አውቃለሁ ልጄ? የማየው ካርድ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«የግራው ክፍል ሶኬት ከመቃጠሉ ትንሽ ቀደም ብሎ። ሁለት ዓመት አልፎታል።»

ሶኬት ሲሉ ቆጣሪዋ አስታወሰች። የግራው ክፍል ሶኬቶች ከሁለት ዓመት በፊት ተቃጥለው «ለጊዜው» ተብሎ ከማሞቂያዎቹ መስመር በቀር ሁሉም ተቆርጧል። ያ «ለጊዜው» እስከ ዛሬ አላለቀም። ከአሥሩ መሣሪያዎች ስድስቱ ቀኝ ክፍል ይሠራሉ፤ አራቱ የሚሰኩበት አጥተው ቁም ሳጥን ውስጥ አቧራ ለብሰዋል። ስለዚህ ጎዶሎ ካርድ የደረሰው ሕፃን መሣሪያው አጠገቡ ነው። ሙሉ ካርድ የደረሰው ግን አልጋ ተለቆለት ወደ ቀኝ ካልተዛወረ በቀር መሣሪያ አያገኝም። ማን ጎዶሎ፣ ማን ሙሉ እንደሚደርሰው የወሰነው ደግሞ ሕፃን የማያውቁት እኚህ ሰውዬ ናቸው። በሆስፒታሉ ውስጥ ዕጣ ሲያወጣ የሚውል ሰው ነበረ ለካ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከስድብ ለማምለጥ ብሎ።

ጋሼ ካርድን ግንባራቸውን ሳመቻቸው። መነጽራቸው ወደቀ፤ አንስታ ሰጠቻቸውና በረረች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፈችው እሷም በቅጡ አታስታውሰው። ምሳ አልበላችም። ስልኳ ሲጠራ አላነሣችም። መሣሪያ የተደረገለትንና ያልተደረገለትን ማወዳደር ተወች፤ ያወዳደረችው ጎዶሎንና ሙሉን ብቻ ነው። የኋላ ኋላ ማን የት ተዛወረ፣ ማን ምን ታሰረለት የሚለውን አልነካችውም፤ መጀመሪያ የደረሰው ቁጥር ይበቃታል። ትንንሾቹ ሕፃናት በጎዶሎ ሁለት መቶ ስምንት፣ በሙሉ ሁለት መቶ አራት ሆኑ። ክብደታቸው ሲታይ በአማካይ የአምስት ግራም ልዩነት እንኳ የለውም። የእናቶቹ ዕድሜ ያው ነው። መንታዎቹ በሁለቱም በኩል እኩል ናቸው። ልክ አንድ ሰው ተጠንቅቆ በሚዛን ያካፈላቸው ይመስላሉ። መሣሪያ ያገኙት ግን ከጎዶሎዎቹ መቶ አርባ አንድ፣ ከሙሉዎቹ ሠላሳ ስምንት ብቻ።

የቀራት የሞቱትን መቁጠር ነው። ከቁጥሩ ጀርባ ያለው የእህቷ ፊት ነውና ወዲያው ልታየው ፈራች። ተነሥታ መስኮት ከፈተች፣ ዘጋች፣ ተቀመጠች፤ ከዚያ ቁልፉን ተጫነችው።

ጎዶሎ አርባ ሦስት። ሙሉ ስድሳ አምስት።

መሣሪያው በሽ በሽ በሆነበት በኩል ሞቱ ያነሰ ነው። እንዲያው በአጋጣሚ እንዳይሆን ደግሞ የሞቱትን ሳትነካ፣ ጎዶሎና ሙሉ የሚለውን ብቻ ኮምፒዩተሩ እንደ መጫወቻ ካርታ አሥር ሺህ ጊዜ እንዲበውዘው አደረገች። በአሥር ሺህ ብወዛ ይህን የሚያህል ልዩነት የመጣው መቶ ሠላሳ አንድ ጊዜ ነው። ቆጣሪዋ ብቻዋን በክፍሉ ውስጥ ከወንበሯ ብድግ ብላ ዞረች፤ ደስታው እግሯ ላይ ወጣባት። እህቷ ጋ ልትሮጥ በሩ ላይ ደረሰችና ቆመች።

ምክንያቱም ቆጣሪ ናት። ደስ ያላትን ነገር ካልተጠራጠረች እንቅልፍ አይወስዳትም። «ዕጣው ንጹሕ ነው ወይ?» አለች ለራሷ። ካርድ የሚሰጠው በመጡበት ቅደም ተከተል ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ሰዓቱም መጨመር አለበት። ተመልሳ ቁጭ አለችና ቁጥሩን ከሰዓቱ ጋር አስተያየችው። ወረድ ሲል ልክ ነው፤ ወረድ ሲል ልክ ነው፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሄደ። ሦስት መቶ አሥራ ዘጠኝ ከሦስት መቶ አሥራ ስምንት ቀድሞ ገብቷል። ሌላም አለ። ሌላም። አሥራ አንድ ቦታ ላይ አንድ ሰው ተራው የደረሰውን ሙሉ ካርድ ዘሎ ጎዶሎውን አንስቷል። አሥራ አንዱም ላይ ጎዶሎው ነው የቀደመው። አንዴም ተገላቢጦሽ የለም። ይህ ስህተት አይደለም፤ እጅ ነው።

ደስታዋ እንደ ፊኛ ተነፈሰ። አሥራ አንዱን ሳይናገሩ ማለፍ ይቻላል፤ ማንም አያይም፤ እሷ ራሷ ያገኘችው ለማግኘት ስለለፋች ነው። እንዲህ ብላ ያሰበችው ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው፤ ግን አስባዋለች፤ በኋላም አልካደችውም።

ረቡዕ ጠዋት ካርድ ክፍል ወርዳ ዝርዝሩን ጋሼ ካርድ ፊት ዘረጋችው። ሽማግሌው አዩትና መነጽራቸውን መወልወል ጀመሩ። መወልወሉ በዛ።

«ጋሼ፣ ማን ነው?»

«እህትሽን ጠይቂያት» አሉ ለመደርደሪያው።

እህቷ አንሶላ ክፍል ውስጥ ቆማ ሰማቻት። አልካደችም። «አንዳንዴ በር ላይ እያለ ሳየው ያስታውቃል» አለች። «ከንፈሩ ጥቁር፣ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚገባ። ግራ ከሄደ መሣሪያ የለው። ጋሼን ለምኜ የሚቀጥለውን ጎዶሎ ካርድ እወስድለት ነበር። አሥራ አንድ ናቸው፤ እኔም ቆጥሬያቸዋለሁ። ምነው፣ አበላሸሁብሽ?»

ቆጣሪዋ ልትቆጣ አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ዓይኖቿ እህቷ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ላይ ቀሩ፤ እህቷ ይህን ፊት ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለችና ጠበቀች።

«እትዬ፣ ወደ ጎዶሎ ያመጣሻቸው በጣም የታመሙትን ነው አይደል?»

«ታዲያ ጤነኛውን ላመጣው ኖሯል?»

«ስለዚህ ጎዶሎው በኩል ከባድ ከባዱ ተጨምሮበታል። ሸክም ጭነሽበታል። ሸክም ተጭኖበትም ነው የቀደመው።» አሁን እህቷን በሁለት ትከሻዋ ይዛ ትወዘውዛታለች። «አላበላሸሽም። ውጤቱን አሳንሰሽዋል እንጂ አላበላሸሽም።»

ሮጣ ወጣች፤ አሥራ አንዱን ሕፃናት፣ ካርዳቸው የተቀማባቸውንም አውጥታ ዳግመኛ ቆጠረች። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ አልተረፉም ነበር፤ ካርዳቸው ከተቀማባቸው ደግሞ ከሁለት ኪሎ በታች የነበሩት ስምንት ብቻ ናቸው፤ ከነሱ አንዱ ሞቷል። እነሱ ሲወጡ ጎዶሎ ከመቶ ዘጠና ሰባት ሠላሳ ስድስት፤ ሙሉ ከመቶ ዘጠና ስድስት ስድሳ አራት። በአሥር ሺህ ብወዛ ይህን የሚያህል የመጣው አሥራ አራት ጊዜ ብቻ። ስትወርድ ደረጃውን ሦስት ሦስት ዘለለችው።

«ነገ ግን መናገር አለብኝ» አለች እያለከለከች። «ካርድ መውሰድሽን። ካልተናገርኩ ቁጥሩ የኔ አይሆንም። ተግሣጽ ሊጽፉብሽ ይችላሉ፤ ከዚያም የባሰ።»

«አትናገሪም» አለች እህቷ። ቆጣሪዋ ልትከራከር ስትል ቀጠለች፦ «ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ የምናገረውም እኔ ነኝ። አንቺ የቁጥሩን ተናገሪ።»

ሐሙስ በአራት ሰዓት በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ዘጠኝ ሰዎች ነበሩ። ዋና ሐኪሙ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን መናገር ተገቢ ነው። ሕፃን ሲሞት ቢሯቸውን ዘግተው የሚቀመጡ ሰው ናቸው፤ ሰንጠረዡንም የሠሩት ከጭንቀት ነው። ቆጣሪዋ የጎዶሎና የሙሉውን ነገር ስታስረዳ እርሳሳቸውን አስቀምጠው አዳመጧት፤ ከዚያ አነሡት።

«ቀኝ ክፍል ነርሶቹ ጎበዞች ቢሆኑስ?»

«በየወሩ ይቀያየራሉ ዶክተር።»

«ክፍሉ ራሱ ቢሻልስ? ብርሃኑ፣ ሙቀቱ?»

ቆጣሪዋ ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ነው የከረመችው። ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች። «ከሁለት ኪሎ በላይ የሆኑትም በዚሁ ቁጥር ነው የተከፈሉት፤ እነሱ ግን መሣሪያውን አይፈልጉትም። ክፍሉ ቢሆን የሚያድነው እነሱንም ባዳነ ነበር። ከነሱ ቀኝ ክፍል የሞቱት አሥራ ሁለት፣ ግራ አሥራ አንድ። ምንም ልዩነት የለም።»

ጠረጴዛው ዙሪያ ወንበር ተንቀሳቀሰ። ያኔ እህቷ ተነሣች፤ ስለ አሥራ አንዱ ካርዶች ተናገረች፤ ማንንም ሳትወነጅል፣ ጋሼ ካርድንም ሳትጠራ፣ «ተራ ያዛባሁት እኔ ነኝ» አለችና ቁጭ አለች። ቆጣሪዋ አሥራ አንዱ ሲወጡ የሚሆነውን ቁጥር አነበበች። ድምጿ መጨረሻው ላይ ሰበር አለ፤ ከደስታ ነው፤ አላፈረችበትም።

ዋና ሐኪሙ ገጹን ወደ ራሳቸው ሳቡት። አነበቡት፤ ደገሙት። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ሰኞ ወረቀቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አሉ። «የማነሣውም እኔ ነኝ። ሲስተር፣ የካርዱን ነገር ለብቻችን እንነጋገርበታለን። መሣሪያዎቹ አይወጡም።»

ቆጣሪዋ ወደ እህቷ ዞረች። ሰኞ ዕለት ለጠየቀቻት ጥያቄ መልሱ ይኸው፤ ንጹሕ ነሽ፤ ያዳንሻቸው አሉ። አሁን ታለቅሳለች፣ አሁን ትስቃለች ብላ ጠበቀች። እህቷ ግን አላለቀሰችም፣ አልሳቀችም። የሞቱትን ገጽ አንስታ፣ ጣቷን በሙሉው ረድፍ ላይ አሳርፋ ነበር።

«የግራዎቹስ?» አለች።

«ምን?»

«የግራዎቹ። እንደ ቀኞቹ ቢሆንላቸው ኖሮ ስንቱ ይተርፍ ነበር?»

ቆጣሪዋ ሳታስበው ቆጠረችው፤ ልማዷ ነው። «ሃያ ስምንት ገደማ» አለች፤ ካለች በኋላ ነው የገባት። ሁለት ዓመት ሙሉ አራት መሣሪያ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ «ለጊዜው» በተቆረጠ ሽቦ።

«ዛሬ ግራ ክፍል ሦስት ሕፃናት አሉኝ» አለች እህቷ ተነሥታ። «አንዷ ማቃሰት ጀምራለች። ኮሚቴው ከጨረሰ ልሂድ።»

ዋና ሐኪሙ ስልኩን አንስተው የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ጠሩ። እስኪመጣ ድረስም ቆመው ጠበቁት።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በግራው ክፍል ግድግዳ ስድስት አዲስ ሶኬት ተተክሎ ነበር። አራቱ መሣሪያዎች ከቁም ሳጥን ወጡ፤ ቆጣሪዋ ራሷ አቧራቸውን ጠረገች። እህቷ ስታቃስት ለነበረችው ልጅ ቱቦውን አሰረችላት። የልጅቷ ደረት ወጣ፣ ገባ፤ ወጣ፣ ገባ። ያኔ ነው እህትየው ግንባሯን በታናሿ ትከሻ ላይ ያሳረፈችው፤ አለቀሰችም።

በሩ ላይ ጋሼ ካርድ ቆመው ነበር። አሁን የገባ ሕፃን ካርድ በእጃቸው ይዘዋል፤ ቁጥሩ ሙሉ ነው። ሶኬቶቹን አዩ፤ መሣሪያዎቹን አዩ፤ ካርዱን አዩ።

«እንግዲህ ይህን ወዴት ልበለው?» አሉ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨንቋቸው።

«አልጋ ባለበት ጋሼ» አለች እህቷ ዓይኗን እየጠረገች። «ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱም አንድ ነው።»

ቆጣሪዋ ይህን ስትሰማ ዕጣዋ እዚያው ላይ እንዳበቃ ገባት። እንዲህ ያለ ንጹሕ መረጃ በዕድሜዋ ዳግመኛ አታገኝም፤ ጎዶሎና ሙሉ ከእንግዲህ ምንም አይነግሩም። እንኳንም አልነገሩ ብላ ሳቀች፤ ካርዱን ከጋሼ እጅ ተቀብላም ለሕፃኑ አልጋ ፈለገችለት።